ትንፋሽን በጨዋታ መማር፡- አስም ላለባቸው ልጆች የኮምፒዩተር ጨዋታ ምን ይጠቅማል?



በካምፓችን የምናስተምር መምህራን ባለፈው የነፋስ ወራት ካጋጠመን አንድ ነገር እንጀምር። አንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪያችን በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሩጫውን አቋርጣ ተቀመጠች። «ተነሽ እንጂ፣ አትስነፊ» አልናት። ተነሥታ ትንሽ ሮጠችና እንደገና ተቀመጠች። ደረቷ ሲር ሲር ይል ነበር፤ እኛ ግን ጉንፋን መስሎን አለፍነው። በዚያው ሌሊት አባቷና ጎረቤቶቿ ተሸክመው ክሊኒክ አደረሷት። ፈጣሪ ይመስገን፣ ተርፋለች።

በማግስቱ ልንጠይቃት ስንሄድ እናቷ ሣጥናቸውን ከፍተው አንድ ሰማያዊ ፓፍ አሳዩን። መድኃኒቱ ከተሰጣት ሦስት ወር ሆኖታል። «ልጅ ናት፤ እንዳትጥለው ብዬ ቆለፍሁበት» አሉን። እናቲቱን መውቀስ አይገባም። በስደት የሚኖር ሰው የተሰጠውን ዕቃ መጠበቅ ልማዱ ነው። ልጅቷም ስለ ሕመሟ የተነገራት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይኸውም «አትሩጪ» የሚል ነው። እኛ መምህራኖቿም ከዚያ የተሻለ አናውቅም ነበር። ሐኪም ነበረ፤ መድኃኒትም ነበረ። የጎደለው፣ ልጅቷ ራሷ መቼ ምን ማድረግ እንዳለባት ማወቋ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስንጠያየቅ የቆየነው ጥያቄ ይህ ነው፡- ለአንድ የዘጠኝ ወይም የአሥር ዓመት ልጅ የራሱን ትንፋሽ እንዲጠብቅ እንዴት ማስተማር ይቻላል? በሌላው ዓለም ይህን ጥያቄ አንሥተው በኮምፒዩተር ጨዋታ ለመመለስ የሞከሩ ሰዎች እንዳሉ አወቅን። ያገኙትን፣ እኛም ከእነርሱ የቀሰምነውን በዚህ ጽሑፍ ለወላጆችና ለመምህራን እናካፍላለን።

አስም ምንድን ነው?

ስለ ጨዋታው ከመናገራችን በፊት ስለ ሕመሙ ጥቂት እንበል። አስም በሳንባ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የአየር ቧንቧዎች ሕመም ነው። አስም ባለበት ሰው የቧንቧዎቹ ግድግዳ ዘወትር የተቆጣ ስለሆነ ትንሽ ነገር ያስነሣዋል። የማይስማማው ነገር ሲገጥመው ሦስት ነገሮች በአንድነት ይደርሳሉ። ግድግዳው ያብጣል፤ በዙሪያው ያለው ጡንቻ ይጨመደዳል፤ ውስጡም በአክታ ይሞላል። በመሆኑም የአየሩ መንገድ ይጠባል። ለስላሳ በሚጠጣበት ቀጭን ስትሮ ለመተንፈስ የሞከረ ሰው ስሜቱን በመጠኑ ሊረዳው ይችላል። እኛም በክፍል ውስጥ ጤነኞቹን ልጆች ለጥቂት ቅጽበት ይህን አስሞክረናቸው ነበር፤ ከዚያ ወዲያ በጓደኛቸው የሳቀ የለም።

አስም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አብሮ በመብላት፣ በአንድ ኩባያ በመጠጣት ወይም በአንድ ዴስክ በመቀመጥ አይያዝም። ስንፍናም አይደለም። ከሥሩ ነቅሎ የሚያጠፋው መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ በቁጥጥር ሥር ማዋል ግን ይቻላል። ሕመሙ በደንብ የተያዘለት ልጅ ይሮጣል፣ ኳስ ይጫወታል፣ ሌሊቱንም ተኝቶ ያድራል። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 262 ሚሊዮን ያህል ሰዎች አስም ነበረባቸው፤ በዚያው ዓመት 455 ሺህ ያህሉ ሞተዋል። ከሟቾቹ የሚበዙት ሕመሙ ሳይታወቅ ወይም መድኃኒት ሳይደርስ በሚቀርባቸው ድሃ አገሮች የሚኖሩ ናቸው።

አስምን የሚቀሰቅሱ ነገሮች ብዙ ናቸው። በእኛ አካባቢ ሁላችንም የምናውቃቸው የነፋስ አቧራ፣ የማገዶ ጭስ፣ የከሰል ጢስ፣ የዕጣን ጢስ፣ የሲጋራ ጢስ፣ ጉንፋን፣ የእንስሳት ፀጉርና አሮጌ ፍራሽ ናቸው። ቡና ሲቆላ ጢሱን ወደ እንግዳ ማዞር የአክብሮት ልማዳችን ነው፤ በዚያ ቤት አስም ያለበት ልጅ ካለ ግን ያ ክብር ለእርሱ መታፈን ሊሆንበት ይችላል።

ሕክምናውን በተመለከተ መለየት ያለባቸው ሁለት ዓይነት መድኃኒቶች አሉ። አንደኛው ማስታገሻ ነው። ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ ሲሆን በውስጡ ያለው ሳልቡታሞል ይባላል። የተጨመደደውን ጡንቻ በደቂቃዎች ውስጥ ያላላል፤ እብጠቱን ግን አያድንም። ሁለተኛው መከላከያ ነው። ቤክሎሜታዞን ወይም ቡዴሶናይድ የሚባሉት ከዚህ ወገን ናቸው። እብጠቱን የሚቀንሰው ቀስ በቀስ፣ በቀናትና በሳምንታት ስለሆነ በሐኪም የታዘዘለት ልጅ ደኅና በሆነበት ቀን ጭምር በየዕለቱ መውሰድ አለበት። የልጆችና የወላጆች ትልቁ ስሕተት ያለው እዚህ ላይ ነው። ማስታገሻው ወዲያው ስለሚረዳ ይወደዳል፤ መከላከያው ግን ዛሬ ተወስዶ ዛሬ ስለማይታይ ይረሳል። ይህን ልዩነት በንግግር ብቻ ለልጅ ማስረዳት ከባድ ነው። የጨዋታ ጥቅም የሚጀምረውም ከዚህ ላይ ነው።

ጨዋታና ሕክምና እንዴት ተገናኙ?

በኮምፒዩተር ጨዋታ ስለ አስም ማስተማር አዲስ ነገር አይደለም። «አስማ ኮማንድ» በተባለ ጨዋታ አስም ያለባቸውን ሕፃናት ያስተማሩ አሜሪካውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1986 የሥራቸውን ውጤት በሕክምና መጽሔት አውጥተዋል።

ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1995 «ራያ ሲስተምስ» የተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ «ብሮንኪ ዘ ብሮንኪያሶረስ» የሚል ጨዋታ አወጣ። የሚሠራው በዚያን ጊዜ በብዙ የአሜሪካ ቤቶች በነበረው፣ ከቴሌቪዥን ጋር በሚያያዘው «ሱፐር ኒንቴንዶ» በተባለ መጫወቻ ነበር። የጨዋታው ጀግኖች ብሮንኪና ትራኪ የተባሉ ሁለት ዳይኖሰሮች ናቸው። ዳይኖሰር ማለት ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት የጠፋ ግዙፍ እንስሳ ነው። ሁለቱም አስም አለባቸው። አገራቸው በአቧራ ስለተሸፈነ፣ አየሩን የሚያጠራውን የነፋስ መኪና ክፍሎች እየፈለጉ መሰብሰብ አለባቸው። በመንገዳቸው ላይ አቧራ፣ ጭስ፣ የአበባ ብናኝና የሚያስነጥስ ሰው ያጋጥማቸዋል። ተጫዋቹ ልጅ ከእነዚህ መሸሽ፣ የጀግናውን የትንፋሽ ኃይል እየለካ መከታተል፣ የዕለቱን መድኃኒት ማስወሰድ፣ ሲብስም ማስታገሻ መስጠት ይኖርበታል። ይህን ከዘነጋ ጀግናው እያሳለ ይደክማል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በዚህ ጨዋታ ውስጥ አስም ያለበት ጀግናው ራሱ ነው። በየክፍሉ ጥግ ተቀምጦ የሌሎችን ሩጫ የሚመለከት ልጅ፣ እንደ እርሱ እያሳለ አገሩን የሚያድን ጀግና ሲያይ ስለ ራሱ ያለው ግምት ይለወጣል።

ሌላው እ.ኤ.አ. በ2000 በሕክምና መጽሔት የተጻፈለት፣ በአሜሪካ ቴክሳስ ክፍለ ሀገር የሚገኙ ምሁራን ያዘጋጁት የኮምፒዩተር ትምህርት ነው። የተዘጋጀው በከተማ ውስጥ በችግር ለሚኖሩ ልጆች ሲሆን ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ተመልከት፣ ድረስበት፣ አስብ፣ አድርግ» ማለት ነው። ስሙ ራሱ ትምህርት ነው። ደረቴ እንዴት ነው ብለህ ተመልከት፤ ምን ቀሰቀሰብኝ ብለህ ድረስበት፤ ምን ማድረግ እችላለሁ ብለህ አስብ፤ ከዚያም አድርግ። እኛም ይህን አራት ቃል በጥቁር ሰሌዳችን ራስጌ ጽፈነዋል።

ጨዋታ የሚያስተምረው በምን መንገድ ነው?

አንዳንድ ወላጆች «ጨዋታ ልጅን ያባልጋል እንጂ ምን ያስተምራል?» ይሉናል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በአጭሩ እንመልስ።

በመጀመሪያ፣ ጨዋታ ሳይጎዱ መሳሳትን ይፈቅዳል። በእውነተኛ ሕይወት ልጅ ማስታገሻውን ረስቶ ወደ ጭስ ቢገባ የሚከፍለው በትንፋሹ ነው። በጨዋታ ግን ተሳስቶ፣ ውጤቱን አይቶ፣ እንደገና ይጀምራል። አሥር ጊዜ ቢሳሳት አሥር ጊዜ ይማራል።

ሁለተኛ፣ ረጅሙን ጊዜ ያሳጥራል። መከላከያ መድኃኒት ጥቅሙ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። ጨዋታው ግን ሳምንቱን በአምስት ደቂቃ ውስጥ ያሳልፋል። ሰኞ የተረሳው መድኃኒት ሐሙስ ምን እንዳደረሰ ልጁ በዓይኑ ያያል።

ሦስተኛ፣ ውሳኔው የልጁ ነው። በክፍል ውስጥ እኛ እንናገራለን፤ ልጁ ይሰማል። በጨዋታ ግን ልጁ ካልወሰነ ነገሩ አይንቀሳቀስም። ኮምፒዩተሩም አይቆጣም፣ አይሰለችም፣ በልጁም አይስቅም።

አራተኛ፣ ወሬ ይከፍታል። ስለ ሕመሙ ለመናገር የሚያፍር ልጅ ስለ ጨዋታው ግን ይናገራል። «ብሮንኪ ጭስ ውስጥ ገባና አሳለው» ብሎ የጀመረ ልጅ «እኔንም እኮ እንደዚያ ያደርገኛል» ብሎ ይጨርሳል።

ይህ ሁሉ በተግባር ታይቷልን?

ጨዋታ ጠቃሚ ነው ማለት ብቻ አይበቃም፤ መመዘን አለበት። በጣም የሚጠቀሰው ምዘና የተደረገው በአስም ሳይሆን በስኳር በሽታ ላይ ነው። ያው ኩባንያ «ፓኪ ኤንድ ማርሎን» የሚባል፣ የስኳር ሕመም ስላለባቸው ሁለት ዝሆኖች የሚያወራ ጨዋታ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው ጥናት ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 16 ዓመት የሆኑ 59 ሕሙማን ልጆች በሁለት ተከፈሉ። ለአንዱ ወገን ይህ ጨዋታ፣ ለሌላው ወገን ትምህርት የሌለበት ተራ ጨዋታ ተሰጠና ለስድስት ወር በየቤታቸው ተጫወቱ። ትምህርታዊውን ጨዋታ በተጫወቱት ዘንድ በድንገት ወደ ሐኪም የሚያስሮጥ ሕመም በ77 ከመቶ ቀነሰ። ከወላጆቻቸውም ጋር ስለ ሕመማቸው የበለጠ ይነጋገሩ ጀመር። ጥናቱ ግን የጥቂት ልጆች እንደሆነ መዘንጋት የለበትም።

በአስም ላይ የተደረጉትን ጥናቶች ሰብስበው የመረመሩ ሰዎች የሚሉት ጠንቀቅ ያለ ነው። ልጆች በጨዋታ ስለ ሕመማቸው ያላቸው እውቀት ብዙውን ጊዜ ይጨምራል፤ የሕመሙን መነሣት ስለመቀነሱ ግን ውጤቱ ከጥናት ጥናት ይለያያል። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለናል። እውቀት ብቻውን አየር አይሆንም። መድኃኒት የሌለው ልጅ፣ ወይም መድኃኒቱ በሣጥን የተቆለፈበት ልጅ፣ ጨዋታውን መቶ ጊዜ ቢያሸንፍ ደረቱ አይከፈትለትም። ስለሆነም ጨዋታ ለሕክምና አጋዥ እንጂ ምትክ አይደለም።

እኛ ዘንድስ?

በትምህርት ማዕከላችን ያሉት ኮምፒዩተሮች ጥቂት ናቸው። መብራቱም የፀሐይ ስለሆነ ሰማዩ ሲጠቁር ይዳከማል። በአማርኛ የተሠራ የአስም ጨዋታ ፈልገን አላገኘንም። ስለዚህ ሁለት ነገር ሞከርን።

አንደኛው፣ ልጆቹ ራሳቸው ጨዋታ እንዲሠሩ ማድረግ ነው። «ስክራች» የሚባል በነፃ የሚሰጥ ፕሮግራም አለ። አሜሪካ የሚገኘው የኤም አይ ቲ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ያወጣው ሲሆን ትእዛዞቹን በአማርኛ ማድረግ ይቻላል። አንድ ጊዜ ኮምፒዩተሩ ላይ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ልጁ ኮድ አይጽፍም፤ ትእዛዝ የተጻፈባቸውን ባለ ቀለም ቁርጥራጮች እንደ ጡብ እየደረደረ ሥዕሉን ያንቀሳቅሳል። ተማሪዎቻችን ከውኃ ቧንቧ ወደ ቤቷ ጀሪካን ይዛ የምትሄድ ልጅ ሣሉ። በመንገዷ ላይ የአቧራ ነፋስ፣ ከየማዕድ ቤቱ የሚወጣ ጭስና የፍየል መንጋ አለ። ልጅቷ ኪሷ ውስጥ ሰማያዊ ፓፍ አላት።

የመጀመሪያው ጨዋታችን ግን ጥፋት ነበረበት። የልጅቷ ትንፋሽ ሲያልቅ «ሞተች» የሚል ጽሑፍ ይወጣ ነበር። ለሌሎቹ ልጆች ሳቅ ሆነ። ያቺ ሌሊት ክሊኒክ ያደረች ተማሪያችን ግን ተነሥታ ወጣች፤ ከውጭ ስታለቅስ አገኘናት። ይህን አስቀድመን አለማሰባችን የእኛ የመምህራን ጉድለት ነው። በማግስቱ ልጆቹ ራሳቸው ለወጡት። አሁን ትንፋሿ ሲቀንስ ልጅቷ ጀሪካኑን አስቀምጣ ትቀመጣለች፤ ፓፏን ትወስዳለች፤ ጓደኛዋ መጥታ ጀሪካኑን ትይዝላታለች። ጓደኛዋ ትምጣ የሚለውን ሐሳብ ያመጣችው ያቺው ያለቀሰችው ልጅ ናት።

ሁለተኛው ሙከራ ኮምፒዩተር አያስፈልገውም። የጨዋታው ጥበብ በሕጉ እንጂ በመስተዋቱ አይደለምና ሁላችንም በልጅነታችን የዘለልንበትን ሰኞ ማክሰኞን ወሰድን። መሬት ላይ ሰባት ሣጥን እንሠራለን፤ ለሳምንቱ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ። ሕጉ እንዲህ ነው፡-

1. እያንዳንዱ ተጫዋች በአሥር ጠጠር ይጀምራል። ጠጠሮቹ ትንፋሹ ናቸው።

2. ወደ አንድ ቀን ሣጥን ሲገባ መከላከያውን እንደሚወስድ በእጁ ማሳየት አለበት። ከረሳ ማንም አያስታውሰውም፤ በሣጥኑ ውስጥ ግን አንድ ጥቁር ጠጠር ይቀመጥበታል።

3. በየሣጥኑ ከካርቶን የተቆረጠ ካርድ ያነሣል። አንዳንዱ ካርድ «ሰላም ቀን» ይላል። ሌላው «አቧራ»፣ «ጭስ»፣ «ዕጣን»፣ «ጉንፋን» ይላል። ቀስቃሽ ነገር ያነሣ ሁለት ጠጠር ይከፍላል፤ በስሙ ለተቀመጠው ለእያንዳንዱ ጥቁር ጠጠርም አንድ ይጨምራል።

4. ስምንትና ከዚያ በላይ ጠጠር ያለው አረንጓዴ ነው፤ ይቀጥላል። ከአምስት እስከ ሰባት ያለው ቢጫ ነው፤ ቆሞ ማስታገሻ እንደሚወስድ ያሳያልና ሁለት ጠጠር ይመለስለታል። ከአምስት በታች የሆነው ቀይ ነው፤ ይቀመጣል፣ ማስታገሻ ይወስዳል፣ ጓደኞቹም ሮጠው ትልቅ ሰው ይጠሩለታል። ጓደኞቹ ካልሮጡ ሁሉም ይሸነፋሉ።

ቀለማቱን እኛ የፈጠርናቸው አይደሉም። ሐኪሞች የትንፋሽ ኃይል በሚለካ የፕላስቲክ ዕቃ ሲያስነፉ፣ የልጁን ምርጥ ልክ እንደ መቶ ቆጥረው ከ80 በላይ አረንጓዴ፣ ከ50 እስከ 80 ቢጫ፣ ከ50 በታች ቀይ ይሉታል።

ባለፈው ወር አንድ ልጅ ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ላይ መድኃኒቱን ረሳ። ካርዶቹ ሁሉ «ሰላም ቀን» ሆኑለትና «ይኸው ምንም አልሆንኩም!» እያለ ጓደኞቹ ላይ ተኩራራ። ሐሙስም ረሳ፤ ግን ያነሣው ካርድ «ጭስ» ሆነ። ሁለትና አራት ስድስት ጠጠር ከፈለና በአንድ ጊዜ ቀይ ላይ ወደቀ። ዝም ብሎ ቆየና «ለካ ሐሙስ ያነቀኝ ሰኞ የረሳሁት ነው» አለ። ይህን እኛ አንድ ወር ሙሉ ብንናገር ያን ያህል አይገባውም ነበር።

ከጨዋታው ጋር መሟላት ያለበት

ወላጆች ሆይ፣ የልጆቹ ትምህርት ፍሬ የሚያፈራው በቤትም ሲደገፍ ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን እናስታውሳለን።

ማስታገሻው ልጁ ካለበት ቦታ አይለይ። በትምህርት ቤት ከልጁ ጋር ወይም ከመምህሩ ጋር ይሁን። ፓፍ ሱስ ያስይዛል የሚባለው እውነት አይደለም። ነገር ግን ማስታገሻው ከወትሮው በላይ እየተደጋገመ ከሆነ ሕመሙ በቁጥጥር ሥር አይደለምና ልጁን ወደ ክሊኒክ ውሰዱት። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ የዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ ዐሥራ ሁለት ዓመት ለሞላቸውና ለአዋቂዎች ማስታገሻውን ብቻ ይዞ መኖርን አይመክርም።

ትንንሽ ልጆች ፓፉን በቀጥታ ወደ አፋቸው ሲነፉ አብዛኛው መድኃኒት ጉሮሯቸው ላይ ይቀራል። ስለዚህ ጭጋጉን ይዞ የሚያቆይ ስፔሰር የሚባል ዕቃ ያስፈልጋል። ዕቃው ከሌለ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይተካዋል። በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት 500 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የለስላሳ ጠርሙስ፣ የፓፉ አፍ የሚገባበት ዙሪያ በደንብ ከታሸገ፣ እንደ ፋብሪካው ዕቃ እንደሚሠራ አሳይተዋል። ቀዳዳው የሚወጣው በጠርሙሱ ቂጥ ላይ፣ በፓፉ አፍ ልክ ነው፤ ልጁ የሚተነፍሰው ግን በጠርሙሱ አፍ በኩል ነው። ጠርሙሱ በሳሙና ውኃ ታጥቦ ሳይወለወል ይድረቅ። አሠራሩን የጤና ሠራተኛ ቢያሳያችሁ ይመረጣል።

ሕመሙ ሲነሣ ልጁን ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት እንጂ አታስተኙት። አትክበቡት፤ አታስደንግጡት። ፓፉን ነቅንቃችሁ በጠርሙሱ በኩል አንድ ጊዜ ንፉና አራት ጊዜ በእርጋታ ይተንፍስ። በአውስትራሊያ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩት ይህን አራት ጊዜ ደግሞ፣ አራት ደቂቃ መጠበቅ፣ ካልተሻለው እርዳታ እየጠሩ እንደገና መድገም ነው። የእናንተ ሐኪም የሰጣችሁ የተለየ መመሪያ ካለ እርሱን ተከተሉ።

ልጁ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ካቃተው፣ ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ መካከል ወደ ውስጥ የሚሰረጎድ ከሆነ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ወይም ማስታገሻው ካልረዳው፣ ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ አትጠብቁ። የደረቱ ሲርታ ድንገት ጠፍቶ ልጁ ግን እየደከመ ከሄደ ይህ መዳን አይደለም፤ የአደጋ ምልክት ነው።

እሳት ስታነዱ ልጁን ከጭሱ አርቁ። ዕጣን ሳይጨስ ቡና መጠጣት እንደሚቻልም አትርሱ፤ እንግዳውም ቢሆን ምክንያቱ ቢነገረው አይቀየምም።

ለማጠቃለል

በመግቢያችን የጠቀስናት ተማሪ ዛሬም አስም አለባት። እናቷ ግን ከአሮጌ ነጠላ ጨርቅ ትንሽ ከረጢት ሰፍተው ፓፉን በአንገቷ አንጠልጥለውላታል። የሣጥኑን ቁልፍ ምን እንዳስፈታቸው ስንጠይቃቸው፣ ልጅቷ ማታ ማታ ደጃፋቸው ላይ ሰኞ ማክሰኞ እያጫወተቻቸው እንደሆነ ነገሩን። ሦስት ጊዜ ቀይ ላይ ወድቀዋል። በሦስተኛው «ፓፍሽን ውሰጂ፣ እማዬ» ስትላቸው «የታለና!» ብለው መለሱላት፤ ወዲያውም ገብተው ሣጥኑን ከፈቱ።

በየሳምንቱ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ በትምህርት ቤታችን ግቢ እንጫወታለን። አስም ያለባቸውም የሌለባቸውም ልጆች ይመጣሉ፤ ቀይ ላይ ለወደቀ ጓደኛ መሮጥን ሁሉም መማር አለበትና። ወላጆችም ኑ። ጠጠሩን እኛ እናዘጋጃለን።